ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጅ መውጣትን ልጆቻችሁን እንዴት አስተማራችሁ?

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ሰኞ ማታ እዚህ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። እስከ ትናንት ማታ 18 መልስ መጣ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ አጣን ስላላችሁኝ፣ ጥያቄዬን መልሼ ልጻፍና መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ላውራችሁ። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ።

ጥያቄው ይሄ ነበር።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ክረምቱን ኮምቦልቻ አጎቱ ሱቅ ሲሠራ ቆይቶ 6,000 ብር ይዞ መጣ። በላቡ ያገኘው የመጀመሪያ ገንዘቡ ነው። ቅዳሜ ከተማ ወጣና በ4,200 ብር ጫማ ገዛ። በ9ኛው ቀን፣ ማለትም ሰኞ፣ የግራ እግሩ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ። ማስቲሹ ለቋል። ክር የሚባል ነገር አልነካውም።

የተናደድኩት ግን በጫማው አልነበረም። ወደኸው ነው ወይ የገዛኸው ብዬ ጠየቅሁት። አልወደድኩትም አለኝ። ቀለሙ ደስ አላለውም፣ ጣቱ ላይም ይይዘዋል። ታዲያ ለምን? ሻጩ አምስት ካርቶን አወረደለት። ተንበርክኮ ክሩን አሰረለት። አብሽር፣ ሲለበስ ይለቃል አለው። ከዚያ 300 ብር ቀነሰለት። ይሄ ሁሉ ከተደረገለት በኋላ አልፈልግም ብሎ መውጣት አሳፈረው። ደረሰኝ አልተቀበለም፣ አልጠየቀምም። ግድግዳው ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ተለጥፏል።

ቆይቼ ሳስበው ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ሰው አታስቀይም፣ ሰው አታድክም እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ገንዘብ አታባክን ብዬዋለሁ። ከሱቅ ባዶ እጅ መውጣት ነውር እንዳልሆነ ግን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም። እኔም ብሆን መጋረጃ ልጠይቅ ገብቼ የማልፈልገውን ጨርቅ ተሸክሜ የወጣሁበት ቀን አለ። እና እናንተ ይሄን ለልጆቻችሁ እንዴት ነው የምታስተምሩት? ይሄው ነው ጥያቄዬ።

1ኛው መልስ የመጣው ከአንዲት የሙጋድ ሰፈር እናት ነው። በጣም በትህትና ነው የጻፈችው። ልጁን እንዳልቆጣው ለመነችኝ። ይሉኝታ ያለው ልጅ በዚህ ዘመን ብርቅ እንደሆነ፣ 4,200 ብር ሄደ ብዬ ጠባዩን እንዳላበላሽበት መከረችኝ። አነበብኩት፣ ልቤም ተነካ፣ ግን አልተስማማሁም።

2ኛው ጨርሶ አልተስማማም። ራሱ ነጋዴ ነው፣ ጫማ ሳይሆን ልብስ ይሸጣል። ሱቅ የእንግዳ ቤት አይደለም ይላል። ቡና ጠጡ ተብለው እምቢ እንደማይሉበት ቤት አድርገው የሚያዩት ልጆች ብዙ ናቸው። ከዚያ ማንም ነጋዴ በአደባባይ የማይናገረውን ተናገረ። ካርቶን የሚወርደው ደንበኛው እንዲመርጥ ብቻ አይደለም፣ እንዲያፍርም ነው። ዕቃው በበዛ፣ ድካሙ በታየ ቁጥር ልጅ እግሩ ይታሰራል። አዋቂ ሰው ግን አምስቱንም አስወርዶ እመለሳለሁ ብሎ ይወጣል፣ ነጋዴውም ካርቶኑን መልሶ ይደረድራል፣ ሥራው ነው፣ አይቀየምም። እንዲያውም ዞሮ ዞሮ የተመለሰ ደንበኛ ዕቃ እንደማይመልስበት ነገረን። ይሄን መልስ ልጄን አስቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማ። ተንበርክኮ ክር ያሰረው ሻጭ ትዝ አለው መሰለኝ።

3ኛው ወደ ሕጉ ገባ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን አናውቀውም ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። በዚህ አዋጅ ሸማች የዕቃውን ጥራት ስላየ፣ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። በቃ፣ የልጄ ጉዳይ ተጽፎ ተቀምጧል። ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም ዕቃው ላይ ማድረግ አለበት። ደረሰኝ መስጠት አለበት። ሸማቹን በትህትናና በአክብሮት ማስተናገድም ግዴታው ነው። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት ደግሞ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ይሄን ስንቆጥር ቅዳሜ ተገዝቶ እስከ እሁድ ጊዜ አለን።

4ኛው መልስ ቆጣ ያለ ነበር። የምን አዋጅ ነው የምታወሩት በሚል ነው የጀመረው። ደረሰኝ ስትጠይቅ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮ ዋጋው ሌላ ይሆናል፣ ያለ ደረሰኝ ይሄ ነው፣ በደረሰኝ ይሄ ነው ይባላል፣ ድሃ ደግሞ ርካሹን ይመርጣል። ሕግ ጠቅሶ ልጅን ሱቅ መላክ ልጁን ማሰደብ ነው አለ። ስለ ኑሮው የተናገረው እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ያ የተቀነሰው 15 በመቶ መመለሻ መንገድህን የሸጥክበት ዋጋ መሆኑን ለልጁ ማን ይንገረው? እኔ ነኝ የምነግረው።

5ኛው፣ 3ኛውን አመስግኖ አንድ ነገር አረመ። አስፈላጊ እርማት ነው። 15 ቀኑ ጉድለት ላለበት ዕቃ ነው እንጂ ሐሳቡን ለቀየረ ሰው አይደለም። ቀለሙ አልጣመኝም ብለህ ልትመልስ አትችልም፣ ሻጩ በፈቃዱ ካልተቀበለህ በቀር። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አይመለስም የሚል ጽሑፍ ደግሞ የተበላሸ ዕቃ የሸጠን ነጋዴ ነጻ አያወጣም። ስለዚህ ልጄ ቀለሙን አንስቶ እንዳይከራከር፣ ስለ ሶሉ ብቻ እንዲናገር መከረኝ። ሻጩ እምቢ ካለ ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማመልከት እንደሚቻልም ጨመረ። 3ኛው ተመልሶ ገባና ትክክል ነህ አለው። እንዲህ ሲተራረሙ ማየት ደስ ይላል።

6ኛው የኔ ምርጥ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ እናት ናት። ሁለት ሳምንት የሌሊት ፈረቃ ሲደርሳት የቤቱን አስቤዛ ለ15 ዓመት ልጇ አስረከበቻት። ገንዘቡንም፣ ዝርዝሩንም። የተረፈው ያንቺ ነው፣ የጎደለ ግን ከኔ አይጠየቅም አለቻት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ጨረሰች። ሽሮ ብቻ በሉ። እናትየው ልቧ እየተላወሰ አልጨመረችም። በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ካልኩሌተር ይዛ መሄድ ጀመረች። ትልቁ የዘይት ጀሪካን ሁልጊዜ ርካሽ እንዳልሆነ ያገኘችው ራሷ ናት፣ ዋጋውን ለሊትሩ አካፍላ። የምትወደው ብስኩት ዋጋው ባለበት ሆኖ ግራሙ እንደቀነሰም ደረሰችበት፣ አሮጌውን ልጣጭ ከአዲሱ አስተያይታ። ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትገዛ መርቁልኝ ማለትም ለመደች። እናትየው ይሄን ሁሉ ልንገራት ብል አትሰማኝም ነበር አለች። እኔ ልጄን እስከዛሬ ዳቦና ስኳር ብቻ ነው የምልከው፣ ያውም ገንዘቡን ቆጥሬ።

7ኛው፣ 6ኛውን ካነበበ በኋላ ስለ ማብቂያ ቀን አነሳ። 11 ዓመት የሆነው ልጁ ጭማቂ ገዝቶ መጣ። እሽጉ ላይ ማርች 2025 ይላል። ልጁ ዘንድሮ 2018 ነው፣ ገና 7 ዓመት አለው ብሎ ነው የገዛው። ወሩ ካለፈ ስንት ጊዜው! ልጁ ቀኑን ማየቱ ጥሩ ነው፣ ያየበት ካላንደር ነው የተለየው። በፈረንጆቹና በኛ መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን እሽግ ስናነብ ልጆቻችን ያውቁታል ብለን ዝም እንላለን። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ልጄን ፈተንኩት። አወቀው። ታናሿ እህቱ ግን አላወቀችም።

8ኛው ላይ ወሬው ሸሸ። አንዱ ከደሴ ይልቅ ኮምቦልቻ ጫማ ይረክሳል አለ። ሌላው የትራንስፖርቱን ብር አስልተኸዋል ወይ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ስትመለስ ትርፉ እዚያው ያልቃል ብሎ 9ኛ ሆኖ መለሰ። ከዚያ ሰኞ ባቲ ገበያ መውረድ ይሻላል የሚል መጣ፣ ከዚያ ስለ ሳልቫጅ ልብስ ተነሳ፣ የደሴ ብርድ ጃኬት እንጂ ጫማ አያስጨንቅም የሚልም ነበር። እነዚህን አልዘረዝርም። ከ10ኛው ውስጥ ግን አንድ ቁምነገር ላውጣ። ሳልቫጅ የሚመርጥ ልጅ ብራንዱን ሳይሆን ስፌቱን፣ ዚፑንና ብብቱን ማየት ስለሚለምድ ከአዲስ ልብስ ገዢ ይልቅ ዓይኑ የተከፈተ ነው ትላለች። ልብስ የምትሰፋ ሴት ናት፣ ስለ ስፌት ስትናገር አምናታለሁ።

11ኛው መልስ የሁላችንንም ጆሮ ቆነጠጠ። የ18 ዓመት ወጣት ነው። ስለ እኛ እያወራችሁ እኛን ግን የጠየቀን የለም አለ። ቤት ውስጥ ወር በገባ ስንት ብር እንደሚመጣ፣ ስንቱ ለኪራይ እንደሚሄድ ማንም አልነገረውም። እናቱና አባቱ ሰርግ ሲደግሱ ተበድረው እንደሆነ ያወቀው ዕዳ ጠያቂ በር ሲያንኳኳ ነው። ታዲያ እሱ በቴሌግራም ጫማ አየና ተበላሸ ይባላል? ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው እግር እንደሆነ እናንተ ረስታችሁታል አለ። ስልክ ላይ የሚሸጡት ደግሞ ዋጋ አይጽፉም፣ በውስጥ መስመር ጠይቁ ነው የሚሉት፣ ከዚያ ሰውየውን አይተው ዋጋ ይቆርጣሉ። ቃላቱ ሻካራ ነበሩ። የተናገረው ግን ልክ ነው። እኔም ደሞዜን ለልጄ ነግሬው አላውቅም።

12ኛው ተቆጣ። አንድ አባት ናቸው። በኛ ጊዜ እንዲህ አድርጎ ለታላቅ የሚመልስ አልነበረም፣ አንድ ጫማ ለሦስት ወንድማማቾች ነበር፣ የምን የክፍል እግር ነው ብለው ረጅም ጻፉ። ወጣቱም ዝም አላለም። ትንሽ ተካረረ። የመድረኩ አስተባባሪ 13ኛ ሆኖ ገብቶ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር እያወሩ እንደሆነ፣ ስድብ ያለበትን እንደሚያነሳ አስታወቀ። አነሳም። አባትየው በማግስቱ ተመልሰው ልጁን አይዞህ አሉት። ደስ አለኝ።

14ኛው ከ11ኛው ተነስቶ የስልክ ግዢ ታሪኩን ጻፈ። የእህቱ ልጅ ከአዲስ አበባ 512 ጂቢ የተባለ ፍላሽ አዘዘ። ገንዘቡን አስቀድሞ ላከ፣ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ መነሃሪያ ደረሰ። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እውነትም 512 ይላል። ፊልምና ፎቶ ሲጫንበት ግን ጥቂት ከያዘ በኋላ ፋይሎቹ መከፈት አቆሙ። ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ውስጡ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በፊቱ ላይ የተጻፈውን አይቶ አይታወቅም፣ ሞልቶ መልሶ በመክፈት እንጂ። ሻጩ ቁጥሩን ዘግቷል። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን ሰው የት ሄደህ ትይዛለህ? ልጁ አሁን ዕቃውን ሳያይ አይከፍልም። እጅ በእጅ ካልሆነ ይቅርብኝ ማለትን ተማረ።

15ኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኢኮኖሚክስ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፣ ግን ፍላጎትና አቅርቦት ሰሌዳ ላይ ተስሎ ብቻ ይቀራል ይላሉ። እሳቸው በማስተማር ዘመናቸው ተማሪዎችን ሦስት ሦስት አድርገው ገበያ ይልኩ ነበር። አንድ ዓይነት ደብተር ከሦስት ሱቅ ዋጋ ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ምንም ሳትገዙ ኑ። በዚህ የቤት ሥራ ተማሪዎቹን ያስጨነቃቸው ዋጋውን መጻፉ ሳይሆን ሳይገዙ መውጣቱ ነበር። አንዳንዶቹ አፍረው እርሳስ ገዝተው ይመጡ ነበር። በሁለተኛው ወር አልገዙም። እንግዲህ የጥያቄዬ መልስ እዚህ ነበር። የእሁድ ገበያ ላይ ዛሬም ይሄን ማድረግ ይቻላል አሉ፣ ዋጋ ስለሚለጠፍ ለማስተያየት ይመቻል።

16ኛው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብን። ቆይ፣ አስብ፣ ዙር የሚለው ምክር ለድሮ ነው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እሱ ያኔ ለልጁ ላፕቶፕ ሊገዛ ሁለት ሳምንት አሰበ፣ ገንዘቡ አልበቃ አለው። ስለዚህ ልጆች ቶሎ መግዛትን ቢማሩ ምን ይደንቃል? ከባድ ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም።

17ኛዋ መለሰችለት። ወጣት ናት፣ ዕቁብ ሰብሳቢ። የማይቀር ነገር ከሆነ፣ ዘይት፣ ደብተር፣ ለትምህርት የሚያስፈልግ ላፕቶፕ፣ ገንዘቡ ካለ መቆየት ኪሳራ ነው፣ ተስማማች። ባይገዛ የማይጎድል ነገር ግን ዋጋው ቢጨምርም ባይጨምርም ያው አያስፈልግም። ከጓደኞቿ ጋር ዕቁብ የጀመሩት ለዚህ ነው። ዕጣው እስኪወጣ ወራት ያልፋል፣ መጀመሪያ ላይ ልገዛ ብላ ከጻፈችው ውስጥ ግማሹን ዕጣዋ ሲወጣ አልፈለገችውም። በስልክ የሚገኘውን ብድር ግን ፈራች። ገንዘቡ ከፍላጎቱ ቀድሞ ስለሚደርስ ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ አይተወውም አለች። እኔም እፈራዋለሁ።

18ኛው አጭር ነው። ጫማ ሰፊ ነው። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ጫማ የደሴን ክረምት አይችልም፣ ከመግዛትህ በፊት ጎንበስ አድርገህ ጫፉን በጥፍርህ ሞክረው፣ ዙሪያውን ክር ፈልግ፣ ከሌለው ገዝተህ ሳታደርገው አሰፋው አለ። የልጄንም እንደሚሰፋለት ነገረኝ፣ ግን ከተሰፋ በኋላ ሻጩ እንደማይቀበለው ስለሚያውቅ መጀመሪያ ወደ ሱቁ ውሰዱት አለን።

ትናንት ሐሙስ ወሰድነው። እኔ ከውጭ ቆምኩ፣ እሱ ብቻውን ገባ። በሩ ክፍት ስለሆነ እሰማለሁ። ሻጩ አወቀው። መጀመሪያ ዝናብ ውስጥ ሄደህበት ነው አለው። ልጄ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ጫማ ዝናብ ውስጥ የሚደረግ መስሎት እንደገዛው ነገረው። ስለ ቀለሙ አላነሳም። 12 ቀኑ እንደሆነና ሕጉ 15 ቀን እንደሚል ተናገረ። ሻጩ ተበሳጨ፣ ደረሰኝህስ አለ። ልጄ አልሰጠኸኝም አለ። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ሰውየው ከዚያው ዓይነት ሌላ ካርቶን አወረደ። ገንዘብ አልመልስም፣ ይሄን ለውጥ አለው።

ልጄ ጫማውን አገላበጠው። ጫፉን በጥፍሩ ነካ። ክር የለውም። ሻጩ ሁለተኛ ካርቶን አወረደ፣ ሦስተኛ ጨመረ። ልጄ አመሰገነው፣ አስቤበት እመለሳለሁ አለና የተቀደደውን ጫማ በፌስታል ይዞ ወጣ። መንገዱን ተሻግረን ባጃጅ እስክንይዝ ድረስ አልተናገረም። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

አሁን ጥያቄ አለኝ፣ እስከ እሁድ ነው ጊዜው። ገንዘቡ ይመለስ ብለን ንግድና ገበያ ልማት እንሂድ? ወይስ ከዚያው ሱቅ ርካሽ ግን የተሰፋ ጫማ ወስዶ ልዩነቱን ይቀበል? ሁለተኛውን ልጄ ራሱ ነው ያሰበው። 3ኛና 5ኛ የጻፋችሁ፣ ልዩነት መቀበል በሕጉ ይሄዳል ወይ? ደሴ ውስጥ በደረሰኝ፣ በክር የተሰፋ 41 ቁጥር የሚሸጥ የምታውቁም ጻፉልኝ። ልጄ ቅዳሜ ሦስት ሱቅ ዞሮ ዋጋ ሊጽፍ ነው።